ፖስተሩ ሰው አያመጣም

የዶርም ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ሁለተኛው ወር ሲገባ ያው የምናውቃቸው አምስት ስድስት ልጆች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ አዘጋጆቹ ይሰበሰቡና «ተማሪው ተሳትፎ አይወድም» ብለው ይደመድማሉ። ፖስተሩ ይተልቃል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ የሚመጣው ሰው ግን ያው ነው።

በተማሪነቴ ዶርም ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ የፎቅ ተጠሪ ሆኜ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ሽር ጉድ የቀረችኝ እምነት አንዲት ናት። ሰው ሲጋበዝ ያመነታል፤ ሥራ ሲሰጠው ይመጣል። በተለይ ዓይን አፋሩ። በተለይ ደግሞ «እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይመቸኝም» የሚለው።

ምክንያቱ ብዙ ፍልስፍና አይፈልግም። የማያውቃቸው ሰዎች የሞሉበት ክፍል የሚገባ ልጅ የሚያስጨንቀው ፕሮግራሙ አይደለም። የት ልቀመጥ? ማንን ላናግር? እጄን የት ላድርገው? ቶሎ ብወጣ ምን ይሉኛል? ጭንቁ ይኸው ነው። ወንበር የሚደረድር ልጅ ግን እጁን የት እንደሚያደርግ ያውቃል። የመጣበት ምክንያት አለው። ሲሰለቸውም የሚወጣበት ምክንያት አያጣም።

እኛ ፎቅ ላይ አንድ ጸጥተኛ ልጅ ነበር። ለጨዋታ ምሽት ስንጠራው «እሺ፣ እመጣለሁ» ይላል። አይመጣም። እንቢ ማለት ስለሚከብደው ነው እሺ የሚለው። አንድ ቀን ስፒከሩ ጨዋታው መሃል ላይ ጸጥ አለ። አንዱ «ያ ልጅ ሽቦ ነገር ይነካካል» አለና ሄዶ በሩን አንኳኳ። ልጁ በነጠላ ጫማ፣ ካቻቢቴ ይዞ መጣ። ፈታ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመ፤ ድምፁ ተመለሰ። ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። እሱ ግን ስፒከሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ደግሞ ሊቋረጥ ይችላል» አለ። አልተቋረጠም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓቱ ሳይደርስ መጥቶ ሽቦውን ቼክ አደረገ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሽቦው ምንም እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል የካርታ ጨዋታውን ነጥብ የሚይዘው፣ የሚያጭበረብሩትን የሚያጋልጠው፣ የተሸነፈውን የሚያበሽቀው እሱ ነበር።

ነገሩ የኛ ዘመን ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1180 ከኢየሩሳሌም የተመለሰ አንድ የለንደን ሰው ፓሪስ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ለ18 ድሃ ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ክፍል ገዝቶ ሰጠ። ኮሌጁም በቁጥራቸው «የአስራ ስምንቱ ኮሌጅ» ተባለ። ተማሪዎቹ አልጋ ያገኙት እንዲያው በነጻ አልነበረም። ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሲሞት በየተራ መስቀልና ጸበል ይዘው ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳሉ። ማታ ማታ መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። ለዛሬ ተማሪ የማልመክረው ዓይነት ሥራ ነው። ግን አስቡት፤ 18 ልጆች ተራ ሲገቡ የአንዱ መጉደል ወዲያው ይታወቃል። «ያ ልጅ ምን ሆነ?» የሚል ሰው ይኖራል። ዛሬ ስንት መቶ ተማሪ በሚኖርበት ብሎክ ውስጥ አንድ ልጅ ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ ባይወጣ ማን ልብ ይላል?

ካይሮ በሚገኘው ጥንታዊ የእስልምና ትምህርት ማዕከል በአል አዝሃርም ተማሪዎች በመጡበት አገር ተከፋፍለው «ሪዋቅ» በሚባሉ ማደሪያዎች ይኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ሪዋቅ የራሱ ሼህ ነበረው። ከአፍሪካ ቀንድ ለሚሄዱ፣ ጀበርቲ ለሚባሉ ሙስሊም ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ ነበር። የታወቀው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረህማን አል ጀበርቲ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የዘር ሐረግ ነው፤ አባቶቹም የዚያ ሪዋቅ ኃላፊዎች ነበሩ። ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ልጅ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ወጉን የሚረዳ ሰው ደጁ ላይ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ከመጣህበት ልጆች ጋር ብቻ ከተኛህ፣ ከበላህና ካጠናህ ከቤትህ ለምን ወጣህ? ዶርም ውስጥ የማየው ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። ጀማሪ ተማሪ የአገሩን ልጅ ፈልጎ ይጠጋል፤ አይፈረድበትም። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ሲቀር ነው የሚያሳዝነው።

ስለ መቀላቀል ንግግር ማድረግ እዚህ ላይ ጠብ የሚል ነገር የለውም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቡድኑ ይመለሳል። የሠራልን ነገር ዕጣ ነበር። የሥራ ምድቡን በዕጣ አወጣን። የዚህ ሳምንት የፊልም ምሽት የእነ እገሌ ነው፤ ፊልም መምረጥ፣ መጋረጃ መስቀል፣ ክፍሉን መጥረግ የእነሱ ነው። ዕጣው ደግሞ ማን ከየት እንደመጣ አያውቅም። ሁለት በሰላምታ ብቻ የሚተላለፉ ልጆች መጋረጃ ላይ ምስማር ሲመቱ ምን ያወራሉ? መጀመሪያ ስለ ምስማሩ ነው። ከዚያ ስለ ፈተና። ከዚያ አስተማሪ ማማት ይጀመራል። አስተማሪ በጋራ እንደማማት ሰውን የሚያቀራርብ ነገር አላየሁም።

ከሥራ ቀጥሎ የማምነው በቦታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለባለትዳር ተማሪዎቹ ያዘጋጀውን መኖሪያ አጠኑ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን መርጠው አልገቡም፤ የደረሳቸውን ነው የያዙት። «በብዛት የምትቀራረቡት ከማን ጋር ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ግድግዳ ከሚጋሩት ጎረቤቶች 41 በመቶው በወዳጅነት ተጠቀሱ። አንድ በር ተዘሎ ያሉት 22 በመቶ። በዚያው ፎቅ ጫፍና ጫፍ ያሉት 10 በመቶ ብቻ። ርቀቱ ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደረጃው አጠገብ የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ከሌሎቹ የበለጠ ይተዋወቁ ነበር። ጠባያቸው ስለሚጥም አይደለም። ሰው በበራቸው ስለሚያልፍ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለትልቁ አዳራሽ ያለኝ ፍቅር ቀነሰ። አዳራሹ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው፤ ልብስ መቀየር ይጠይቃል፤ «ልሂድ ወይስ ልተኛ?» የሚል ሙግት ያስነሳል። ኮሪደር ላይ የሚደረግ ነገር ግን ሙግት የለውም። ሽንት ቤት ለመሄድ የወጣ ልጅ ሳያስበው ተሳታፊ ሆኖ ያገኘዋል።

ከሁሉ የምወደው የኮሪደር ነገር ነጭ ሰሌዳው ነበር። አንድ ቀለሜ ልጅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ አሮጌ ነጭ ሰሌዳ መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አቆመና ጥያቄ ጻፈበት። «ሁለት ገመድ አለህ። እያንዳንዱ ነዶ ለማለቅ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። አንዱ ቦታ ቶሎ፣ ሌላው ቦታ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። በእነዚህ ብቻ 45 ደቂቃ እንዴት ትለካለህ?» ጠዋት ላይ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ የሰካ ሁሉ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አየሁ። አንዱ «ሰዓት ተመልከት» ብሎ ጻፈበት። ሌላው ሰረዘው። ሦስተኛው ገመዱን አጣጥፎ መቁረጥ ነው አለ፤ ከሥሩ «እኩል አይነድም ተብሏል፣ አታነብም?» ተብሎ ተጻፈለት። ማታ ላይ በጥርስ ሳሙና የቆሸሸ እጅ መልሱን ጽፎት ተገኘ። የመጀመሪያውን ገመድ በሁለቱም ጫፍ፣ ሁለተኛውን በአንድ ጫፍ አብራ። የመጀመሪያው ሲያልቅ 30 ደቂቃ ሆኗል። ያኔ የሁለተኛውን ሌላኛ ጫፍ ለኩስ፤ የቀረው በ15 ደቂቃ ያልቃል።

ለዚህ ማንም ፖስተር አልለጠፈም። ቃለ ጉባኤ የለው፣ በጀት የለው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ መጻፍ ተራ ሆነ። የሕግ ተማሪው የክስ ታሪክ ጽፎ «ማን ጥፋተኛ ነው?» ይላል። አንዱ ደግሞ ባዮሎጂ የምትማር እህቴ የላከችው ነው ብሎ ስለ እንቅልፍ ጠየቀ። አንዳንዱ ሳምንት ሰሌዳው ባዶውን ይከርማል፤ ሰው እስኪጽፍ መጠበቅ ነው።

ወደ ጥናት ስንመጣ በጣም የማከብረው አንድ ሰው አለ፤ ዩሪ ትራይስማን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ ላይ ጥቁር ተማሪዎች ለምን በብዛት እንደሚወድቁ ማወቅ ፈለገ። አስተማሪዎችን ሲጠይቅ ሁሉም የየራሱን ግምት ነገረው፤ ዝግጅት ማነስ፣ ፍላጎት ማጣት፣ የቤተሰብ ሁኔታ። እሱ ግን ግምቱን ትቶ 20 ጥቁርና 20 ቻይናዊ አሜሪካዊ ተማሪዎችን በሚኖሩበትና በሚያጠኑበት ሄዶ ተከታተለ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፍ አልነበሩም። የተባሉትን ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ ነገር ግን ለየብቻ። ጥናት ሌላ፣ ጓደኝነት ሌላ ነበር። ቻይናዊ አሜሪካዊዎቹ ደግሞ መጀመሪያ ብቻቸውን ይሠሩና ማታ ተሰብስበው መልስ ያነጻጽራሉ። አንዱ ያቃተው ሁሉንም ሲያቅታቸው ያዩታል። «ለካ ደደብ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጥያቄው ነው ከባዱ» ለማለት ዕድል ያገኛሉ።

ትራይስማን ከዚያ ያቋቋመው ፕሮግራም ማጠናከሪያ ትምህርት አልነበረም። እንዲያውም ከክፍሉ የከበዱ ጥያቄዎችን ይዞ አብሮ መታገል ነበር። ልዩነቱ ገብቷችኋል? «ደካማ ስለሆናችሁ ኑ» ከተባለ ማን ይመጣል? «ጠንካራ ጥያቄ አለ፣ እናንተ ትችሉታላችሁ» ሲባል ግን የተማሪ ልብ ይነሳል። ብዙ ዶርም ውስጥ የማየው የቲቶሪያል ማስታወቂያ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ስም ማስመዝገቡ በራሱ ያሳፍራል።

እኛ ፎቅ ላይ የጥናት ቡድን ስንጀምር አንድ ደንብ ብቻ ነበረን። ብቻውን ሞክሮ ያልመጣ አይቀመጥም። ጭካኔ ይመስላል። ያለዚያ ግን ቡድኑ አንድ ጎበዝ የሚያስተምርበት፣ ሌላው የሚገለብጥበት ቦታ ይሆናል። ጎበዙ ይሰለቻል፣ ገልባጩ ፈተና ላይ ይጋለጣል። በተረፈ እርስ በርስ መጠያየቅ ነው። ኖት አብሮ ማንበብ ብዙም አይጠቅምም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ደህና አድርጎ ያሳያል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ፈተና ዋዜማ ሌሊት ሙሉ ኖት ሲያገላብጥ አድሮ «ሁሉን ይዣለሁ» የሚል ልጅ የሚያታልለው ያ የ5 ደቂቃው ስሜት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መደበቅ አልፈልግም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ወዳጅነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አጥንቷል። ከተጠኑት መካከል አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። ተራ ጓደኛ ለመሆን 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። እስቲ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በየሳምንቱ የ2 ሰዓት ፕሮግራም ቢኖር፣ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 32 ሰዓት ነው። አንዳች ሳይጎድል የመጣ ልጅ እንኳ ተራ ጓደኛ ደረጃ አልደረሰም! ሆል ሌላም ነገር አይቷል። ክፍል ወይም ሥራ ላይ አብሮ መዋል ብቻውን ብዙ አያቀራርብም። የሚያቀራርበው ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ፣ መጫወት፣ መቀላለድ ነው።

ታዲያ «ሥራ ስጧቸው» የሚለው ነገሬ ውኃ በላው? አይመስለኝም። ሥራው ከክፍል ያስወጣል፤ የቀረው 200 ሰዓት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በማውራት የሚመጣ ነው፤ ያንን ማንም አዘጋጅ ሊያዘጋጀው አይችልም። ለዚህም ነው ፕሮግራሙ ሲያልቅ መብራት አጥፍቶ «በሉ ውጡ» ማለት የምጠላው። ዋናው ነገር የሚጀመረው ገና ያኔ ነው። ወንበር እየሰበሰቡ፣ በር ላይ ቆመው፣ «ሂድ እንግዲህ» እየተባባሉ ሳይሄዱ።

የዶርም ጓደኛ ተጽዕኖ ራሱ እንደሚባለው ሁሉን ቻይ አይደለም። ብሩስ ሳሰርዶት በዳርትማውዝ ኮሌጅ በዕጣ የተመደቡ የክፍል ተጋሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተመው፣ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ውጤትህን በተወሰነ ደረጃ ይነካል፤ የተማሪ ማኅበራት አባል መሆን አለመሆንህንም ይነካል። የምትመርጠውን የትምህርት ዘርፍ ግን አይነካም። ስለዚህ «ሰነፍ ዶርም ደረሰኝ፣ አበቃልኝ» ለሚል ጀማሪ መጽናኛ አለው። ስለ መብራት ማጥፊያ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ዕቃ መዋዋስ በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋግሮ መስማማት ግን አይከፋም። በኋላ ሲሆን ንግግሩ ጠብ ይሆናል።

ፕሮግራም የሚገድሉ ነገሮችን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩ ብዙ ነው፣ እኔ የታዘብኩትን ብቻ። የመጣውን ሰው ቆጥሮ «ስኬታማ ነበር» ማለት። መገኘትን ግዴታ ማድረግ። አንድ ሳንቲም እንኳ መዋጮ መጠየቅ፣ ምክንያቱም የሌለው ልጅ «የለኝም» አይልም፣ «አይመቸኝም» ነው የሚለው። ሁልጊዜ ማታ ማድረግ፤ ማታ ሥራ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉ። ላይኛው ፎቅ ላይ ብቻ ማድረግ፤ ደረጃ መውጣት የማይችሉ ተማሪዎች አሉ። የፎቁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ መልዕክት ወርውሮ «አሳውቀናል» ማለት። ያ ግሩፕ «ባልዲዬን ማን ወሰደው?» የሚባልበት ነው፤ ፕሮግራሙ ከሁለት ባልዲ መሃል ተቀብሮ ይቀራል።

ፈተና ሲደርስ ደግሞ ምንም አለማዘጋጀት ከሁሉ የተሻለ ነው። ካስፈለገ አንድ ክፍል ክፈቱ፤ ስልክ በር ላይ ይቀመጥ፣ 50 ደቂቃ ዝም ብሎ ማጥናት፣ 10 ደቂቃ መንጫጫት። ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ። ሰዓት ያዡ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ያጠናል፤ ስንፍናው ስለሚታይበት ይመስለኛል።

ምንም የማይፈልጉም አሉ። ቀኑን ሙሉ በሰው ተከበው ውለው ማታ በራቸውን የሚዘጉ። ተጠሪዎች እነዚህን ማሳደድ እንወዳለን፤ «ምነው ተደበርክ?» እያልን እናስጨንቃቸዋለን። የተዘጋ በር ሁሉ ድብርት አይደለም። ምግብ የተወ፣ ክፍል መግባት ያቆመ፣ እንቅልፉ የተዛባ ልጅ ሲገጥማችሁ ያኔ ፕሮግራም ሳይሆን የምክር አገልግሎት ነው የሚያስፈልገው፤ አብራችሁት ሂዱ።

«ይሄ ሁሉ ትንንሽ ነገር ይቅር፣ አንድ ትልቅ ድግስ ይሁንልን» የሚሉም በየዓመቱ አይጠፉም። ይሁን። ትልቅ ድግስ እኔም እወዳለሁ። ግን ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት አንድ ወረቀት ኮሪደሩ ላይ ለጥፉ። ወንበር የሚያመጣ፣ ድምፅ የሚሞክር፣ በር ላይ ሆኖ አዲስ ገቢዎችን በስም የሚቀበል፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ በማግስቱ ወለል የሚጠርግ። ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ሁለት ሁለት ስም ይጻፍ፤ የአንድ ክፍል ልጆች አንድ መስመር ላይ አይግቡ። ስም ያልተጻፈበት መስመር ካለ ድግሱን በአንድ ሳምንት ወደፊት አስተላልፉት።